ግቢ የቀሩት

ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሲበትን፣ ጭምቷ ሻንጣዋን ሸክፋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ ደርሷል። የዶርም ጓደኞቿ በደረጃው እየተጠራሩ ይወርዳሉ። ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«እንዳትመጪ» አለቻት።

እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ አንሶላና የሐኪም ጋውን ስታገላብጥ ትውላለች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛውን ታላቅ ወንድሟ ከነሚስቱ ይዞታል።

«ከምን ጋር እንደምውል ታውቂያለሽ» አለች እናቷ። «አምጥቼ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ላስተኛሽ? ይለፍና ትመጫለሽ።»

«መቼ ነው የሚያልፈው?»

«እሱን ለእኔስ ማን ነገረኝ፣ ልጄ።»

አውቶቡሱ ሄደ። ሻንጣውን ሳትፈታ አልጋው ሥር ገፋችው።

ጭምቷ የሚለውን ስም ያወጡላት የዶርም ጓደኞቿ ናቸው። የፋርማሲ ተማሪ ናት። ብዙ አታወራም፤ አልፎ አልፎ ጣል የምታደርጋት ቃል ግን ክፍሉን በሙሉ በሳቅ ታፈርሰው ነበር። አሁን የምታስቀው ሰው የለም። አልጋዎቹ ባዶ፣ ፍራሾቹ የተጠቀለሉ። ግቢ የቀሩት መሄጃ የሌላቸው፣ መንገድ የተዘጋባቸውና እንደ እሷ «እንዳትመጡ» የተባሉ ጥቂት ተማሪዎች ናቸው። ምግብ በካፌው መስኮት በላስቲክ ታስሮ ይሰጣል። ትምህርት በስልክ ሆነ። ሰው ሰውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

እናቷ በየቀኑ ትደውልላት ነበር። ከጊዜ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ፤ ስልኩን የሚያነሳው ወንድሟ ሆነ።

«ሥራ በዝቶባት ነው» ይላታል። ሌላ ቀን፣ «ተኝታለች» ይላታል። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ጉንፋን ቢጤ ነው፤ አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ።»

ፈተናዋን ተፈተነች። በማግስቱ ወንድሟ ደወለና እናታቸው ሞታ መቀበሯን ነገራት። የቀበሯት የሆስፒታል ሰዎች ናቸው፤ እሱም ከሩቅ ቆሞ ነው ያየው።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የታመመችው?»

«ፈተና ላይ ነሽ ብዬ እኮ ነው።»

«መቼ ነው የታመመችው አልኩህ።»

ነገራት። ቀኑን ስትሰማ ስልኩን ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ ቢደውል ቢደውል አላነሳችለትም።

አላለቀሰችም። እንባ እምቢ አላት። የመጣባት እንቅልፍ የሚመስል ነገር ነው፤ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ መዋል። ፀጉሯን ማበጠር ተወች። መምህሩ ስለ መድኃኒት መጠን ሲያስረዳ ስልኩን ትራስ ሥር ትከተዋለች። የዶርሙ ፕሮክተር በሯ ላይ የምታስቀምጥላት ምግብ እንደታሰረ ይደርቃል። የእናቷ እጅ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ይላላጥ ነበር። «ቅባት እልክልሻለሁ» ብላት ነበር። አልላከችም። ቀኑን ሙሉ የምታስበው ይህንኑ ነው።

የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አማካሪ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ሁሉንም ማዳረስ ሲያቅታቸው፣ ግቢ ከቀሩት ተማሪዎች ፈቃደኞቹን ሰብስበው አሠለጠኑ። እያንዳንዱ ለጥቂት ሰው እየደወለ፣ በልቷል ወይ፣ ተኝቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው። በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው ስለሆነ ረዥሙ ይሉታል። እሱ የቀረው የኮሌጁን ላሞች ማንም ወደ ቤታችሁ ሂዱ ስላላላቸው ነው። ጭምቷ ለእሱ ደረሰች።

«በልተሻል?» አላት በመጀመሪያው ቀን።

«አዎ።»

«ምን በላሽ?»

እንደታሰረ ወደደረቀው ምግብ አየች።

«ለነገው ደህና ውሸት አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ» አላትና ተሰናበታት።

በማግስቱ ደወለ። በማግስቱም። አንዳንዴ እሷ ዝም ትላለች፤ እሱም ስልኩን ሳይዘጋ ዝም ይላል፤ ከጀርባው ላም ስታመነዥክ ይሰማታል። እንዲህ ሲሰነብቱ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠይቅ ስለተባልኩ ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ምነው ባልነቃሁ የምልበት ጠዋት አለ። ከዚያ አላለፈም።»

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ይሄን ለአማካሪዋ እነግራቸዋለሁ። ከጀርባሽ እንዳይሆን ነው አሁን የምነግርሽ።»

ልትቆጣ ፈልጋ አቅም አጣች። አማካሪዋ በዚያው ቀን ደወሉ፤ ከዚያ ወዲያም በየሳምንቱ ያነጋግሯት ጀመር። አይዞሽ አላሉም። ስለ እናቷ አስወሯት፤ ጠዋት ጠዋት ተነስታ ጥቂት እንድትራመድም አሳመኗት።

እንዲህ ስትራመድ ነው አንድ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የላም ጩኸት የሰማችው። ድምፁን ተከትላ ስትሄድ በረት አገኘች። ቦቲ የተጫማ፣ ማስክ ያደረገ ረዥም ሰው የወደቀች ላም ኋላ ተንበርክኳል። የበረቱ ሠራተኛ ትኩሳት ይዞት ቀርቷል፤ ብቻውን ነው።

«ማነሽ አንቺ፣ ነይ እስቲ» አላት ዞር ሳይል። «ጓንት እዚያ ባልዲው ላይ አለ። ገመዱን ያዢልኝ። እኔ ሳብ ስል ትስቢያለሽ፤ ላሟ ስታርፍ ታርፊያለሽ።»

ድምፁን አወቀችው። ጓንቱን አጥልቃ ገመዱን ያዘች። ሳበች፣ አረፈች፣ ሳበች። እግሯ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። መጀመሪያ ሁለት ሰኮና፣ ከዚያ እርጥብ አፍንጫ መጣ፤ ከዚያ ጥጃው በሙሉ ተዘርግፎ እግሯ ሥር ወደቀ። አይተነፍስም። ሰውየው አፍንጫውን ጠራርጎ ደረቱን በጭድ ፈተገው። ጥጃው አነጠሰ።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ቆማ፣ ገመዱን እንደያዘች።

ቀና ብሎ አያት።

«እኔ አታልቅሺ አልልሽም» አለ። «ብቻ እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳትነኪ።»

«ዛሬ አልበላሁም» አለችው።

ዓይኖቹ ከማስኩ በላይ ሳቁ። «ገና አሁን እውነት ነገርሽኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በረቱን አልተለየችም። ርቀት ጠብቀው በሁለት የመኖ ከረጢት ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ያልባል፤ እሷ ጥጃውን በጡጦ ታጠባለች። ስለ እናቷ አወራችው። እሱም እናቱን በልጅነቱ ማጣቱን፣ የጭነት መኪና ሹፌር የሆኑት አባቱ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው እየዞሩ እንዳሳደጉት ነገራት። ሳያወሩ የሚውሉበትም ቀን አለ። ዝም ብሎ ሲያያት ጥጃው ላይ ታጎነብሳለች፤ እሱ ሲያጎነብስ ደግሞ እሷ ታየዋለች።

ከበረቱ ፊት ለፊት የወንዶቹ ሕንፃ አለ። እዚያ መስኮት ላይ የማይጠፋ ዳኛው የሚባል የሕግ ተመራቂ ነበር። ምረቃው ተላልፎ፣ እንደገና ተላልፎ፣ ሱፉን ገዝቶ የተቀመጠ ልጅ ነው። ሁለቱን ሲያይ ጠረጴዛ እንደሚመታ ሰው የመስኮቱን ደፍ ይመታል።

«ችሎቱ ተሰይሟል» ይላል። «ተጠርጣሪዎች ተነሱ። በመዋደድ ተከሳችኋል።»

«ማስረጃ?» ይለዋል ረዥሙ።

«ላሟ ትመስክር።»

ረዥሙ በየቀኑ ከሚደውልላቸው ሰዎች ዳኛውም አንዱ ነው። ግን እሱን ለመጠየቅ ያስቸግራል። እንዴት ነህ ሲባል ቀልድ ይመልሳል፤ እንቅልፍ እንዴት ነው ሲባል፣ «እንቅልፍ ይግባኝ ብሎ ሄዷል» ይላል። ሁሉም ይስቃል። ረዥሙም ይስቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሁለቱ ከጭዱ ክምር ጀርባ ተቀምጠው ነበር።

«ፊትሽን አይቼው አላውቅም» አላት። «እስቲ ማስክሽን አውርጂልኝ። አንዴ ከወደድኩሽ በኋላ እንዳልደነግጥ።»

ቃሉን ሰማችው። እንዳልሰማች ሆነች።

«ብትደነግጥስ?»

«ላሞቹ አሉልኝ።»

አወረደችው። እሱም የራሱን አወረደ። ያላወቀችው አፍና አገጭ ወጣ፤ አገጩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ለረዥም ጊዜ ተያዩ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አውጥቶ አየው።

«ዳኛው ነው» አለ። «በመስኮት ሲያጣን ሊያሾፍብን ነው።»

«ተወው፣ ይቆይ» አለችው።

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው። ፊቷን በመዳፉ ያዘ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ።

ዝናቡ ሲያባራ መልሶ ደወለለት። አልተነሳም። ሄዶ በሩን አንኳኳ። የከፈተ የለም። ፕሮክተሩን ጠርቶ በሩ ሲከፈት ዳኛው በገዛ እጁ ሕይወቱን አጥፍቶ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው በሩ ላይ አጭር የሐዘን ማስታወቂያ ለጠፈ። አስከሬኑ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ። ማንም እንዲሸኝ አልተፈቀደም።

ረዥሙ ስልክ መደወል አቆመ። እሷ ብትደውል አያነሳም። በረት አገኘው ይሆናል ብላ በየሰዓቱ ሞከረች፤ የምታገኘው ከሕመሙ ያገገመውን ሠራተኛ ብቻ ነው።

«ልጁ እዚህ ከመጣ ሰነበተ» አላት ሠራተኛው። «ተጣላችሁ እንዴ? ጥጃውን እንኳ አያየውም።»

እግሯን አንስታ ወደ ወንዶቹ ሕንፃ ሄደች። ዘበኛው ቆመባት።

«ሴት አይገባም።»

«እንግዲያው አንተ ግባና እንዴት እንደዋለ ጠይቀህ ንገረኝ» አለችው። ፊቷን አየና ከመንገዷ ዞር አለላት።

በሩ ተቆልፏል። አንኳኳች።

«ሂጂ» አለ ከውስጥ።

«አልሄድም።»

«አንቺን ሳስብ ያ ስልክ ነው የሚመጣብኝ። ኪሴ ውስጥ አሁንም ይንቀጠቀጣል።»

«ተወው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«የተውኩት ግን እኔ ነኝ።»

ድምፁ ላይ ቁጣም ለቅሶም የለም፤ ጠፍጣፋ ነው። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። እሷም ይዛው ኖራለች። በሩ ሥር ተቀመጠች።

«ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» አለችው።

ኮሪደሩ ላይ የቧንቧ ውኃ ይንጠባጠባል።

«አዎ» አለ።

መዳፏን በሩ ላይ አደረገች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በሩን ክፈትልኝ። ምንም አልልህም። አጠገብህ ብቻ ልቀመጥ።»

ቁልፉ ዞረ። ፂሙ አድጓል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ረዥም ሰውነቱ ታጥፎ አጥሯል። እጁን ይዛ፣ እፊቱ ለአማካሪዋ ደወለች። እያንዳንዱን ቃል እንዲሰማ አደረገች። አማካሪዋ በሆስፒታል መኪና እስኪመጡ ድረስ እጁን አልለቀቀችም። ርቀት ጠብቁ የሚለው ነገር ያን ቀን ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ሆስፒታል አስተኙት። አባቱ በመጡ ጊዜ ጭምቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትልቅ፣ የደከሙ ሰው ናቸው።

«አንቺ ነሽ?» አሏት።

«አዎ።»

«ልጄን ስላተረፍሽልኝ እግርሽን ብስም አይበዛብኝም።» ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም። «አሁን ደግሞ የማይባል ነገር ልልሽ ነው። ስምሽ ሲነሳ ይብስበታል። ወደ ቤት ልወስደው ነው። እስኪሻለው አትደውይለት። እለምንሻለሁ።»

እሺ አለች። ሌላ ምን ትላለች?

ግቢው እንደገና ሲከፈት ሳቅና ጫጫታ ተመለሰ። ጭምቷ በመካከሉ እንደ እንግዳ ትሄድ ነበር። ከአማካሪዋ ጋር መነጋገሯን አላቋረጠችም፤ እሷም ከደዋዮቹ አንዷ ሆነች። ሌሎችን እየጠየቀች፣ ስለ አንዱ ግን መጠየቅ አልተፈቀደላትም።

አንድ እሑድ ስልኩ ሲጮኽ አነሳችው።

«ጋሼ።»

ወንድሟ እንደምታነሳ አልጠበቀም።

«ያኔ ልክ መስሎህ ነው» አለችው። «አሁን ይገባኛል። ይቅር እስክልህ ግን ጊዜ ስጠኝ።»

«የፈለግሽውን ያህል» አላት። እያለቀሰ ነበር።

የዳኛው እናት የልጃቸውን ዕቃ ሊወስዱ ግቢ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ፕሮክተሩ የሚያግዛቸው ሰው ሲፈልግ ጭምቷ ሄደች። መጻሕፍቱን በካርቶን አደረጉ። ሱፉ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። እናትየው እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፈውት አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«ላሞች ያሉት ጓደኛው የት ነው?» አሉ። «በስልክ ሁሌ ስሙን ያነሳልኝ ነበር።»

ጭምቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዝናቡን፣ ስልኩን፣ ተወው ማለቷን። ከነገረቻቸው በኋላ ለመመታት እንደተዘጋጀ ሰው አንገቷን ደፋች። እናትየው ሱፉን ዳበሱት።

«ውሰጂኝ እሱ ጋ» አሉ በመጨረሻ።

ለአባቱ ደወለች። ብዙ ካቅማሙ በኋላ፣ «ኑ» አሉ።

ቤቱ በመኪና መንገድ ዳር ነው። ረዥሙ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ መድኃኒቱ እጁን ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል። ግን ፂሙን ተላጭቷል። ጭምቷን ሲያይ ቆመ። ከኋላዋ ያሉትን ሴት ማንነት ሲሰማ መልሶ ተቀመጠ።

እናትየው ሌላ ወንበር ስበው ጉልበቱ አጠገብ ተቀመጡ።

«ለእኔም ደውሎልኝ ነበር» አሉት። «በዚያው ከሰዓት። እኔ አነሳሁት።»

ቀና አለ።

«እየሳቀ አዋራኝ። መቼ ነው የምትመጣው ስለው፣ በቅርቡ አለኝ። ምን በላህ አልኩት፣ ነገረኝ። ዘጋና ሥራዬን ቀጠልኩ። እናቱ ነኝ። ድምፁን ሰምቼ አላወቅኩበትም።»

«ምናልባት እኔ ባነሳው…» አለ ረዥሙ።

«ምናልባት። አይሆንም ብዬ አልዋሽህም። እኔም ምናልባት እላለሁ። ከዚሁ ቃል ጋር ተኝቼ ከዚሁ ቃል ጋር ነው የምነሳው።» የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ግን ሞቶብኛል ልጄ። አንተን ጨምሬ ልቅበር?»

ረዥሙ አለቀሰ። ዳኛው ከሞተበት ቀን ጀምሮ አልቅሶ አያውቅም ነበር። ድምፁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። አባቱ በር ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እናትየው ለማረፍ ወደ ቤት ሲገቡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ጭነት መኪኖች በአጥሩ ማዶ ያልፋሉ።

«አሁንም ሳይሽ ትዝ ይለኛል» አላት። «የሚጠፋ አይመስለኝም።»

«እኔም ሳይህ ትዝ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ይሻለናል? ሳያስታውስሽ የሚያይሽ ሰው ብታገኚ አይሻልሽም?»

እናትየው በተነሱበት ወንበር ተቀመጠች።

«ለሱ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው» አለች። «አቅም የለኝም።»

ፈገግ ሊል ሞከረ። እጁን ዘረጋላት። ያዘችው።

ወደ ትምህርቱ የተመለሰው እሷ ከተመረቀች በኋላ ነው። አንድ ጊዜ አቋርጦ ደግሞ ተመልሷል። የተጋቡት ጥቂት ሰው ጠርተው ነው፤ ወንድሟ አለ፣ አባቱ አሉ፣ አማካሪዋ አሉ። የዳኛው እናት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ፎቶ ላይ አልሳቁም፤ ግን አልቀሩም።

ዛሬ እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እሱ ከብት ያክማል። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ሐኪሙን ያያል። አብዛኛው ቀን ደህና ነው። ዝናብ የሚበዛበት ወር ግን ይከብደዋል። አንዳንድ ጠዋት እግሩን ከአልጋ ማውረድ ያቅተዋል።

«ዛሬ እንዴት ነህ?» ትለዋለች።

«ዛሬ መጥፎ ነው።»

ቦርሳዋን ታስቀምጥና አጠገቡ ትቀመጣለች። አታወራም። እሱም ግድግዳውን ያያል። ቆይቶ እጇን ይፈልግና ያገኘዋል።

«ሥራሽ ይረፍድብሻል እኮ» ይላታል።

«ይርፈድ።»